ቀጣዩ ወረርሽኝ መጥቶ በራችንን ከመዝጋታችሁ በፊት
ለከተማና ለአካባቢ አስተዳደር ኃላፊዎች
ለጤና፣ ለንግድና ለፈቃድ ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ የወረርሽኝ ጊዜ ደንቦች በግል መጠጥ ቤቶች ላይ ስላደረሱት ጉዳት

ክቡራንና ክቡራት፣

የምጽፍላችሁ የአንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ባለቤት ነኝ። ቤቴ የማንም ትልቅ ድርጅት ቅርንጫፍ አይደለችም። በቁጠባና በብድር የቆመች ናት። መጠጥ የምቀዳው እኔ ነኝ። ሒሳብ የምዘጋውም እኔ ነኝ። ሌሊት ወንበር ሰቅዬ ወለል የማጥበውም እኔው ነኝ። እንደ እኔ ያሉ ባለቤቶች ይህን ልጽፍ መሆኑን ሲሰሙ "የእኛንም ጨምርበት" ብለውኛል። ከዚህ በኋላ "እኛ" ስል እነሱንም ማለቴ ነው።

ደብዳቤውን ያስጻፈኝ በቅርቡ የሰማሁት ነገር ነው። የአካባቢያችን አስተዳደር የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን እንደገና እያዘጋጀ ነው። ከጤና ሰው ተጠርቷል፤ ከትምህርት ተጠርቷል፤ ከትራንስፖርትም ተጠርቷል። ከመጠጥ ቤት የተጠራ ግን የለም። በረቂቁ ውስጥ ስለ እኛ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። ወረርሽኝ ሲታወጅ መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ ያዛል። እስከ መቼ እንደሚዘጉ፣ በምን መለኪያ እንደሚከፈቱ፣ ተዘግተው ሳለ ኪራይ በምን እንደሚከፈል አንድም ቃል የለም።

ይህን መስመር ከዚህ በፊት ኖረንበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነው። ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ ማብቃቱን ያወጀው ደግሞ ሜይ 5 ቀን 2023 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ ጊዜ የተሠራው ስህተት ድንገተኛ ስለነበር ይቅር ሊባል ይችላል። ዛሬ ግን ጊዜ አላችሁ። ልምዱም ተመዝግቦ ተቀምጧል። አሁን ያው መስመር ሲደገም ዝም ማለት አልቻልንም።

አንድ ነገር በቅድሚያ ግልጽ ላድርግ። መጠጥ ቤት አደጋ የለውም አላልንም። በማርች 2020 በኦስትሪያ ኢሽግል በምትባል የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ፣ ቫይረሱ ከመጠጥ ቤቶቿ ተነስቶ ወደ ብዙ አገር ተጉዟል። በሜይ 2020 በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር በምሽት ክበቦች ወረርሽኙ እንደ አዲስ ተቀስቅሷል። ሰው ሲጠጣ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ይጠጋጋል፤ ጥንቃቄውን ይረሳል። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በየቀኑ ከባንኮው ጀርባ ሆነን እናየዋለን። በዚያን ጊዜ የራሴ ደንበኞች ሞተዋል። ወንበራቸውን እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ "ተዉን እንሥራ" የሚል ደብዳቤ አይደለም።

ዋናው ቅሬታችን ደንቦቹ የተጻፉት በፈቃዳችን ዓይነት መሆኑ ነው። አንድ ቤት ምን ያህል አየር እንደሚገባው፣ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚቆይበት የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቀው ፈቃዱ ላይ ምን ተጽፏል የሚለው ነው።

ቴክሳስን ልጥቀስ። ጁን 26 ቀን 2020 አገረ ገዢው ባወጣው ትእዛዝ፣ ከገቢያቸው ከ51 በመቶ በላዩን ከአልኮል የሚያገኙ ቤቶች እንዲዘጉ ተደረገ። ምግብ ቤቶች ግን የሰው ቁጥር ቀንሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። 52 በመቶ ያለው ይዘጋል፤ 50 በመቶ ያለው ይከፈታል። ቫይረሱ ሽያጭ አይቆጥርም። በወራት ውስጥ ብዙ መጠጥ ቤቶች የምግብ ዝግጅት ጨምረው በወረቀት ምግብ ቤት ሆኑና ተከፈቱ። ክፍሉ ያው ነው። አየሩም ያው ነው። ለማእድ ቤት የሚሆን ቦታ ወይም ገንዘብ ያልነበረው ብቻ ተዘግቶ ቀረ።

አየርላንድም እንዲሁ ነው። መጠጥ ቤቶች የተዘጉት ማርች 15 ቀን 2020 ነው። ጁን 29 ቀን ቢያንስ 9 ዩሮ የሚያወጣ ምግብ የሚያቀርቡት ተከፈቱ። ምግብ የሌላቸው እስከ ሴፕቴምበር 21 ጠበቁ። የደብሊኖቹ ግን ያኔም አልተፈቀደላቸውም። በራቸው ለደንበኛ የተከፈተው በጁን 2021 ነው፤ ያውም መጀመሪያ ደጅ ላይ ብቻ። ከአንድ ዓመት በላይ ማለት ነው። አንድ ቤት ያለ ገቢ ከአንድ ዓመት በላይ እንዴት ይቆማል? በአየርላንድ ገጠር አንዳንድ መጠጥ ቤት ከአያት የወረደ የቤተሰብ ሥራ ነው። ብድር ለመክፈል የተሸጠው የአያት ቤት ነው ማለት ነው።

ምግብ ቤት ከመጠጥ ቤት ይሻላል የሚለው ግምት በራሱ መረጃ ይፈልግ ነበር። በጃንዋሪ 2020 በቻይና ጓንጁ ከተማ፣ መስኮት በሌለው አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ የሦስት ቤተሰብ 10 ሰዎች ተያዙ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ የኤር ኮንዲሽነሩ ነፋስ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በሴፕቴምበር 2020 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አንድ ጥናት አወጣ። ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ካልተገኘባቸው ይልቅ በቅርቡ ምግብ ቤት የመብላታቸው ዕድል እጥፍ ያህል ነበር። ይህን የማነሳው ምግብ ቤቶች ይዘጉ ለማለት አይደለም። ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እነሱም ተጎድተዋል። የምለው አደጋው በክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ደንቡ ግን ወረቀቱን አየ።

እኔ ዘንድ የመጣው ተቆጣጣሪ ሜትር ይዞ ነበር። በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ሳኒታይዘሩን አየ። በፕላስቲክ የጋረድኩትን ባንኮ አየና አመሰገነኝ። ሁለቱን ትልልቅ መስኮቶቼን ግን ዞር ብሎም አላያቸውም። የኋላውን በር ከፍቼ ነፋስ በቤቱ ውስጥ እንዲያልፍ ማድረጌን ላሳየው ስል "እሱ በቅጹ ላይ የለም" አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጨዋና የደከመው ሰው ነበር። የያዘው ቅጽ ነው ጥፋተኛው። በሳምንቱ መስኮት የሌላት ምድር ቤት ያለችው ካፌ ተፈቀደላት፤ እኔ ተዘጋሁ። እሷ ስለተፈቀደላት ቅር አላለኝም። እኔ ለምን እንደተዘጋሁ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ማስታወቂያው ጊዜ ነው። የቴክሳሱ ትእዛዝ ጠዋት ወጥቶ በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ጸና። በእንግሊዝ ማርች 20 ቀን 2020 አርብ ከሰዓት በኋላ ተነገረ፤ በዚያው ምሽት መዘጋት ነበረበት። አርብ ለመጠጥ ቤት ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ብዙ ይናገራል። ለሳምንቱ መጨረሻ መጠጡ ገብቷል። ድራፍቱ ተከፍቷል። ትርፍ ሠራተኛ ተጠርቷል። የተከፈተ በርሜል ወራት አይጠብቅም። በዚያ ዓመት በብዙ አገር ቢራ በፍሳሽ ተደፍቷል።

እኔም ደፍቻለሁ። ትእዛዙን የሰማሁት ከደንበኛ ስልክ ላይ ነው። ቢሮው ሊነግረኝ አልደወለም፤ ደብዳቤም አልላከም። በማግስቱ ማለዳ ከአስተናጋጄ ጋር ሆነን በርሜሎቹን አንድ በአንድ ወደ ጓሮ አወጣን። የዚያን የፍሳሽ ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አስተናጋጄ በዚያ ወር የመጀመሪያ ልጇን ትጠብቅ ነበር። "መቼ እንመለሳለን?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ያለው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

መክፈቻውም ያው ነበር። ሐሙስ ማታ "ቅዳሜ ትከፍታላችሁ" ይባላል። በ2 ቀን ውስጥ መጠጥ ማዘዝ፣ ሠራተኛ መሰብሰብ፣ ቤት ማጽዳት። ከዚያ በ10 ቀን መልሶ መዝጋት። ትልልቆቹ ድርጅቶች መጋዘንም ጠበቃም አላቸው፤ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ዕቃ ያዛውራሉ። እኛ ያለን አንድ ቤት ነው።

ስለ ሰዓት እላፊው ረጅም አልናገርም። በእንግሊዝ ከሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ጀምሮ ሁሉም መጠጥ ቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ ታዘዘ። ውጤቱ በየመንገዱ ታየ። ተበታትኖ በየሰዓቱ ይወጣ የነበረው ሰው በአንድ ደቂቃ ተጠራርጎ ወጣ። አውቶቡስ ፌርማታው ሞላ። በዲሴምበር መጀመሪያ ደንቡ ተሻሻለ፤ 4 ሰዓት የመጨረሻ ትእዛዝ መቀበያ ሆኖ መዝጊያው ወደ 5 ሰዓት ተገፋ። አንድ የመጠጥ ቤት ሠራተኛ በረቂቁ ጊዜ ተጠይቆ ቢሆን ይህን በመጀመሪያው ቀን ይነግራቸው ነበር። ሰው ሲወጣ እንዴት እንደሚወጣ የእኛ የዕለት ሥራ ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን ሳይዘጉን መዘጋታችን ነው። ማርች 16 ቀን 2020 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሕዝቡ ከመጠጥ ቤት እንዲርቅ መከሩ። ቤቶቹ ግን እንዲዘጉ አልታዘዙም። ትእዛዙ የመጣው ከ4 ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ባለቤቱ ክፍት ነው፤ ደንበኛ ግን የለውም። ኪራይ አለ፤ ደመወዝ አለ፤ ካሳ የለም። ምክርና ትእዛዝ ለዜና ሰሚው አንድ ሊመስሉት ይችላሉ። ለኢንሹራንስ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ብዙ ኢንሹራንሶች አንከፍልም አሉ። ነገሩ እስከ እንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርዱ የወጣው ጃንዋሪ 15 ቀን 2021 ነው። በአብዛኛው ለባለ ፖሊሲዎቹ ፈረደ። ጥሩ ፍርድ ነው። ግን 10 ወር አልፏል። ፍርዱን ያልጠበቀ ቤት ስንት ነው?

ስለ ድጎማው ደግሞ በቀና ልብ እናመስግን። ብዙ አገር ገንዘብ አውጥቷል። በእንግሊዝ መዝጊያው በተነገረበት በዚያው ማርች 20 ቀን፣ የሠራተኛን ደመወዝ 80 በመቶ መንግሥት እስከ ተወሰነ ጣሪያ እንደሚሸፍን ተነግሯል። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ትእዛዙና ገንዘቡ በአንድ ቀን። ሌላው ቦታ ግን ገንዘቡ ከትእዛዙ በጣም ዘገየ። ጀርመን በኖቬምበር 2020 ስትዘጋ የቀደመውን ዓመት የኖቬምበር ሽያጭ እስከ 75 በመቶ እከፍላለሁ አለች። ቃሉ ትልቅ ነበር። ለብዙዎች ክፍያው የመጣው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው። አሜሪካ በ2021 ለምግብና መጠጥ ቤቶች 28.6 ቢሊዮን ዶላር መደበች። ከ278 ሺህ በላይ ቤቶች አመለከቱ፤ የደረሳቸው 100 ሺህ ያህሉ ናቸው። የተጠየቀው ገንዘብ ከ72 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ቀሪዎቹ ማመልከቻቸው ትክክል ሆኖ ሳለ ገንዘቡ አለቀ ተባሉ።

ጃፓን በ2021 መጀመሪያ በቶኪዮ ቀደም ብሎ ለሚዘጋ ቤት በቀን 60 ሺህ የን ሰጠች። ለትንሹም ለትልቁም እኩል። አንድ ባንኮ ብቻ ላለው ቤት ከዕለት ገቢው ሊበልጥ ይችላል፤ 20 ሠራተኛ ላለው ደግሞ ጠብታ ነው። ቆይቶ በሽያጭ መጠን እንዲሆን ተስተካከለ። ይህን የማነሳው ስሌቱ አስቀድሞ ቢዘጋጅ ኖሮ ማንም ባልተጎዳ ነበር ብዬ ስለማምን ነው።

የሠራተኞቻችንን ነገር ማንም አላነሳውም። ከአስተናጋጅ ገቢ ቀላል የማይባለው ቲፕ ነው። ቲፕ በደመወዝ መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ በደመወዝ መቶኛ የሚሰላ ድጎማ እውነተኛ ገቢዋን አይነካውም። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈላቸው ሙዚቀኞች፣ የበር ጠባቂዎች፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠሩ ተማሪዎች ጭራሽ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልነበሩም።

በቁጥጥሩም ተጎድተናል። ማስክ አድርግ የምንለው እኛ፣ የክትባት ወረቀት የምንጠይቀው እኛ፣ ስም የምንመዘግበው እኛ ነበርን። ሰው ሲሰድበን ደንብ አስከባሪ አጠገባችን አልነበረም። ደንበኛው ማስኩን ሲያወልቅ ግን ቅጣቱ የቤቱ ነው፤ የሚታሸገውም የቤቱ በር ነው። አንድ ምሽት አስተናጋጄ የክትባት ወረቀት በመጠየቋ ብቻ ብርጭቆ ተወረወረባት። ስደውል "የግል ጉዳይ ነው" ተባልኩ። በእናንተ ደንብ የተነሳ የተወረወረ ብርጭቆ እንዴት የግል ጉዳይ ይሆናል?

ደቡብ አፍሪካ ከዚህም አልፋ ከማርች 27 ቀን 2020 ጀምሮ የአልኮል ሽያጭን ራሱን አራት ጊዜ አግዳለች። ምክንያቱ በስካር ጠብና አደጋ የሚጎዱ ሰዎች የሆስፒታል አልጋ እንዳይዙ ነበር። የሕክምና ባለሙያዎችን ጭንቀት እንረዳለን። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ሥራው የቆመበት ሰው ወጪውን ብቻውን መሸከም የለበትም።

የተሻለ መንገድ እንዳለ ደግሞ ታይቷል። ቤልጅየም በጁን 2021 ምግብና መጠጥ ቤቶችን ወደ ውስጥ ስትከፍት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ በሚታይ ቦታ እንዲቀመጥ አዘዘች። ሰው ሲተነፍስ ይህ ጋዝ ይወጣል። ክፍሉ ከታፈነ ቁጥሩ ይጨምራል። ደጅ ላይ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 400 ገደማ ነው። በቤልጅየም 900 ካለፈ ባለቤቱ አየሩን ማስተካከል ነበረበት። መለኪያው ከጠረጴዛ ሰዓት አይበልጥም። ደንበኛም ያየዋል፤ ተቆጣጣሪም ያየዋል፤ እኔም አየዋለሁ። ማንም ፈቃዱ ላይ ምን ተጽፏል ብሎ አይጠይቅም። እኔ እንዲህ ባለ ደንብ ብዘጋ እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ምክንያቱም ምን ባደርግ እንደምከፍት አውቃለሁ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ "መጠጥ ቤቶች ይዘጋሉ" የሚለው መስመር ከረቂቁ ይውጣ። በምትኩ ለማንኛውም ሰው ለሚሰበሰብበት ክፍል የሚሠራ መለኪያ ይግባ፤ የአየር ዝውውር፣ የሰው ብዛት በቦታው ስፋት፣ የቆይታ ጊዜ። በሽታው በጣም ከፍቶ ሁሉም የሚዘጋበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሁሉም ይዘጋ። ሲከፈትም በዚሁ መለኪያ ይከፈት።

ሁለተኛ፣ የመዝጊያ ትእዛዝና የካሳ ስሌት በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ቀን ይውጡ። ስሌቱ በቤቱ ሽያጭና በኪራዩ ላይ ይመሥረት። የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርስበት ቀንም ይጻፍበት። ለሠራተኞች የሚሰጠው ቲፕንም ይቁጠር። ይህን ዛሬ፣ በሰላሙ ጊዜ አብረን ብናሰላው በችግሩ ቀን ማንም አይሯሯጥም። ዝግ በሆንንበት ጊዜ የፈቃድ ማደሻ ክፍያም አይጠየቅብን።

ሦስተኛ፣ በተቻለ ቢያንስ የ72 ሰዓት ማስታወቂያ ይሰጠን። ካልተቻለ የተከፈተ መጠጥና የሚበላሽ ዕቃ በካሳው ይያዝ። ትእዛዙም ፈቃዱ ላይ ባለው ስልክ ቁጥር ይድረሰን።

አራተኛ፣ ሕዝቡን "አትሂዱ" ማለት ካስፈለጋችሁ እኛንም በዚያው ሰዓት በይፋ ዝጉን። በመካከል አንጠልጥላችሁ አትተዉን።

አምስተኛ፣ ደንብ ማስከበር የደንብ አስከባሪ ሥራ ይሁን። ስንደውል የሚመጣ ሰው ይመደብልን።

የመጨረሻው፣ ረቂቁ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ለሁለት ሰው ወንበር ስጡን፤ ለአንድ ባለቤትና ለአንድ አስተናጋጅ። ስብሰባው ጠዋት ይሁንልን፤ ማታ ሥራ ላይ ነን። ቤቴ የአየር መለኪያ ከገዛች ቆይታለች። ቁጥሩን በየሰዓቱ የጻፍንበትን ደብተር ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንዲት የግል መጠጥ ቤት ባለቤት፣
በዚሁ ሥራ ያሉ ባለቤቶችንና ሠራተኞችን በመወከል